የአማቴ ስሞታ

ስነቃ አፌ ውስጥ ቱቦ ነበር። እጆቼ ግራና ቀኝ ከአልጋው ብረት ጋር በፋሻ ታስረዋል። ከጎኔ ያለ ማሽን በራሱ ሰዓት አየር ይነፋብኛል፤ እኔ ስፈልግ አይደርስልኝም፣ ሳልፈልግ ደረቴን ይገፋዋል። ልጮህ ሞከርኩ፤ ድምፅ አልወጣም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ሳይሆን ንዴት ነው። ቢቸና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ «እሷ ክፍል ዝንብ እንኳ የምትገባው አስፈቅዳ ነው» እያሉ ያሙኛል። እኔን ማን ነው ያሰረኝ ብዬ ተቆጣሁ፤ ቁጣዬን ግን ከራሴ በቀር የሰማው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሆዴን አስታወስኩ። እርጉዝ ነበርኩ፤ ቀኔም ተቃርቦ ነበር። እጄን ሰድጄ ልዳብስ አልቻልኩም፤ ግን አንሶላው ተኝቷል፣ ከእምብርቴ በታችም አንድ ነገር ያቃጥለኛል። ልጁ ወጥቷል ማለት ነው። በሕይወት ነው ወይስ ሞቶ? ዕድሜዬን በሙሉ እንደዚያ የፈለግኩት መልስ የለም፤ የምጠይቅበት አፍ ግን ተወትፎ ነበር።

የታናሽ እህቴ ፊት ከላዬ ብቅ አለ። «እታለም! ነቃሽ? ተመስገን! ሞጣ ነን፤ ሆስፒታል ነሽ፤ አይዞሽ» አለች። ዓይኔን ወደ ሆዴ ልኬ ወደ እሷ መለስኩት። ገባት። «ልጁን ነው? ደህና ነው። ወንድ ነው። ደህና ነው» አለችና ቶሎ ብላ አንሶላዬን ማስተካከል ጀመረች። አንሶላው ምንም አልሆነም ነበር።

የሆነውን የገጣጠምኩት ኋላ ቀስ በቀስ ነው። ቤቴ ሳለሁ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር መጣ፤ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። አንዘፍዝፎኝ ምላሴን ነክሻለሁ። እናቴና እህቴ ጎረቤት ጠርተው እዚያው ቢቸና ወዳለው ሆስፒታል በባጃጅ ወሰዱኝ። ሐኪሞቹ የእርግዝና ደም ግፊት ነው ብለው ልጁን በቀዶ ጥገና አወጡት። እኔ ግን ሲያንዘፈዝፈኝ ትውከቴ ወደ ሳንባዬ ገብቶ ኖሮ መተንፈስ አቃተኝ፤ ማሽን ያለበት ቦታ ትሂድ ተባለ። ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። የዚያን ሰሞን በእኛ በኩል አንዱ መንገድ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። በሞጣ በኩል ያለው ክፍት ስለነበር አምቡላንሱ በደብረ ወርቅ አድርጎ አመጣኝ። እህቴ እግሬ ሥር ተቀምጣ አብራኝ መጣች። እናቴ ሕፃኑን ልትይዝ ቢቸና ቀረች። እኛ ባለፍን ማግስት ያም መንገድ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ባለቤቴ ደግሞ ለሥልጠና አዲስ አበባ እንደሄደ መመለሻ አጥቶ እዚያው ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ስገጣጥም አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እህቴ ልጁን በወጉ አላየችውም። እኔ ከቀዶ ጥገና እንደወጣሁ እሷ ከእኔ ጋር አምቡላንስ ውስጥ ገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ ከቢቸና የመጣ ሰውም ስልክም የለም። ታዲያ ደህና መሆኑን ማን ነገራት?

ብዙ ዓመት ፈተና ያረመ ሰው ጆሮው ይለምዳል። ያላነበበ ተማሪ መልሱ ክብ ነው። ልብ ምን ትሠራለች ስትለው «ልብ ለሰው ልጅ በጣም ጠቃሚ ናት» ይልሃል። ያነበበው ግን ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ግራውን ከቀኙ ያምታታል፣ ይሰርዛል፣ ይደልዛል፣ ያማርራል። የእህቴ መልስ ክብ ነበር። አንድ ቀን ነርሱ ቀኝ እጄን ሲፈታልኝ ሌባ ጣቴን አንሶላው ላይ እየጎተትኩ «ልጄ?» ብዬ ጻፍኩላት። «ደህና ነው አልኩሽ እኮ» አለች። «ምን ይመስላል?» ብዬ ጻፍኩ። «ቆንጆ ነው፤ አንቺን ይመስላል» አለች። እዚያው ዜሮ ሰጠኋት። እኔ ቆንጆ ነኝ ብሎ የተከራከረ ሰው በቤተሰባችን ታይቶ አይታወቅም።

ነገሩን የባሰ ያደረገው እኛ መርዶ እንዴት እንደምንይዝ ማወቄ ነው። ለታመመ ሰው ክፉ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ሰውየው ደህና ሆኖ፣ ቤቱ ገብቶ፣ በጠዋት፣ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እስከዚያው የሞተው ሰው «ደህና ነው»፣ ወይም «ትንሽ አሞታል»፣ ወይም ጸበል ሄዷል። እኔ ራሴ ስንቴ ገብቼበታለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባችን አባቱ ሲሞቱበት፣ ፈተና አርሞ እስኪጨርስ መምህራኑ ሁሉ ተስማምተን ደበቅነው፤ በእረፍት ሰዓት እያሳቅኩ ያጫወትኩት እኔ ነበርኩ። ጎበዝ ነሽ ተብዬም ተመስግኛለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነበር፤ የሚያጫውቱኝን ሰዎች ፊት እያየሁ ሙያቸውን እመዝናለሁ።

የሚጠብቀኝ ነርስ ከአርሲ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። እህቴ ሥራዬን ነግራው ኖሮ «ቲቸር» ይለኛል። እጄን ሲያስረኝ «ቲቸር ይቅርታ፣ ቱቦውን እንዳትነቅይው ነው» ይላል፤ አክታዬን በቱቦ ሲስብልኝም ይቅርታ ይላል። አንድ ጠዋት ስለ ልጁ እያሰብኩ አለቀስኩ። ቱቦ ያለበት ሰው ድምፅ የለውም፤ ደረቴ ብቻ ተንቀጠቀጠ። ማሽኑ ያኔ እሪ ማለት ጀመረ። ነርሱ ሮጦ መጣና ቱቦውን አየ፣ ደረቴን አየ፣ ከዚያ እንባዬን አየ። «ቲቸር፣ ከማሽኑ ጋር አትጣዪ። እሱ ሲሰጥሽ ተቀበዪ፤ ስታለቅሺ ይጋጭብሻል» አለኝ። እዚያ አልጋ ላይ ማልቀስ እንኳ የተከለከለ ነበር።

ጊዜ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ከአንድ ወገን የመስጊዱ አዛን ይመጣል፣ ከሌላው ወገን የቅዳሴው ድምፅ፤ በመሃል የሚኒባስ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ሲጣራ እሰማለሁ፤ መንገድ በተዘጋ ቀን ግን እሱም ዝም ይላል። ረዳቱ ዝም ባለ ቁጥር እኔም ተስፋ እቆርጥ ነበር፤ መንገድ ከሌለ ከቢቸና ወሬ የለምና። መብራትም ይጠፋል። ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ነርሱ ማሽኑን ከቱቦው ነቅሎ የጎማ ከረጢት ይሰካና በእጁ እየጨመቀ ያስተነፍሰኛል። «አለሁ፣ አለሁ» ይላል እየጨመቀ። የእኔ እስትንፋስ በሌላ ሰው መዳፍ ውስጥ ነበር፤ እጁ ቢደክመው ምን ይሆናል እያልኩ ጣቶቹን አያለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዶክተሩ ወጣት ሐኪሞች አስከትሎ ይዞራል። በአማርኛ «እንዴት አደርሽ? አይዞሽ» ይለኛል፤ ቁም ነገሩን ግን አልጋዬ ግርጌ ቆሞ በእንግሊዝኛ ያወራዋል። የማልሰማ መስሎታል። ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ መሆኔን ማን ይንገረው? «ሪስክ ፋክተሮቿ?» ይላል ወደ አንዷ ሐኪም ዞሮ፤ ለዚህ ያበቋትና ለሞት የሚያቀርቧት ነገሮች ምን ምን ናቸው ማለቱ ነው። ልጅቱ ትናገራለች። የእርግዝና የደም ግፊት። አንዘፍዝፏት ዘግይታ መድረሷ። ራሷን ስታ መግባቷ። ትውከት ሳንባዋ መግባቱ። ማሽን ላይ መዋሏ። «በቤተሰብስ ግፊት አለ?» ሲል እህቴ ተጠራች። «እናታችን አለባት» አለች እህቴ፤ «ኪኒን ነበራት፤ አሁን መድኃኒቱ አልገባም ብለዋት ካቋረጠች ሰንብታለች።» ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ያም ተጨመረ። «ስለዚህ አውትካሟ ምን ይሆናል?» አለ፤ መጨረሻዋን ማለቱ ነው።

ወጣቷ ሐኪም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች። ከማሽኑ ቶሎ የሚላቀቁት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ በቆዩ ቁጥር ግን ሌላ ኢንፌክሽን ይጨመራል፣ ጡንቻ ይደክማል፣ ከዚያ መላቀቅም ያቅታል። ጥሩ መልስ ነው። ክፍሌ ውስጥ ብትሆን ሙሉ ነጥብ እሰጣት ነበር። ነገር ግን ጥያቄው እኔ ነበርኩ፤ ካነሷቸው ነገሮች መሃል ልጇ ይኑር አይኑር አለማወቋ የሚል አልነበረም።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ገበሬ ሽማግሌ ተኝተው ነበር። እግራቸውን ሚስማር ወግቷቸው፣ ቤት ሰንብተው፣ መንጋጋቸው ሲቆለፍ ነው ያመጧቸው። ፊታቸውን አላየሁም፤ ሳላቸውን ብቻ አውቃለሁ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሳሉ ቆመ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፣ ጋሪ ተገፋ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ወዲያው ከመስኮቱ ውጭ የልጃቸውን ድምፅ ሰማሁ። እናቱ ከገጠር መድረሳቸው ነው መሰለኝ፣ «እንዴት ሆነ አባትህ?» ይላሉ። «ደህና ነው እማ፤ ዛሬ ትንሽ ተሽሎታል፤ አሁን ወደ ቤት እንሂድ፣ ነገ እንመጣለን» አላቸው። ድምፁ ውስጥ አንዲት መንቀጥቀጥ አልነበረችም። ጎረምሳው ሙያውን ያውቃል። ባዶውን አልጋ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየሁ፣ የእኔም ልጅ እንዲህ ነው ደህና የሆነው አልኩ በልቤ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጄን ሞቷል ብዬ ቀበርኩት።

ዶክተሩ ከማሽኑ ሊያላቅቀኝ የሞከረው በዚያው ሰሞን ነው። ሳንባዬ ተሽሎት ነበር። ማሽኑን ቀነሰው፤ «አሁን ራስሽ ተንፍሺ» አለኝ። ጥቂት ጊዜ ተነፈስኩ። ከዚያ ለምን የሚል ነገር መጣብኝ። ባዶ ሆድና ባዶ እቅፍ ይዤ ቢቸና ልገባ ነው? እናቴ ያዘጋጀችውን የአራስ አልጋ ባዶውን ላየው ነው? ደረቴ ከበደኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ሞኒተሩ ጮኸ፤ ማሽኑን መለሱብኝ። በማግስቱም ሞከሩ፤ እንደገና ወደቅኩ። ዶክተሩ ለወጣቶቹ ሐኪሞች በእንግሊዝኛ «ሳንባዋ ዝግጁ ነው፤ ለምን እንደማትችል አልገባኝም» አላቸው። እኔ ገብቶኝ ነበር። የምነግርበት አፍ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም «ደህና ነው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የሚኒባሱ ረዳት «ቢቸና! ደጀን!» ሲል ሰማሁ። መንገዱ ተከፍቷል። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት እህቴ ገባች፤ ዓይኗ አብጦ ቀልቷል። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለች ሳልጠይቃት። «አማትሽ መጥተዋል፤ ይግቡ?»

ስለ አማቴ ትንሽ ማለት አለብኝ። አማቴ ደግ ናቸው ይባላል፤ እኔ ግን ደግነታቸውን በቀጥታ አግኝቼው አላውቅም። ወጤ ይቀጥንባቸዋል፣ ድምፄ ይወፍርባቸዋል፣ መጽሐፍ ሳነብ ካዩኝ ቤቱን በዓይናቸው ይጠርጉታል። የሰው ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ንፍሮው አልበሰለም ያሉ ሴት ናቸው። እኔም አንገቴን አልደፋላቸውም፤ ከእናቴ ጋር ደግሞ ለመጀመሪያው ልጅ ማን ቤት ትታረስ በሚለው ተኳርፈው ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው ብላ እናቴ አሸንፋለች። እናቴ በዚህ ጉዳይ ንጉሥም ቢመጣ የምትሸነፍ አልነበረችም።

አማቴ ገቡ። ነርሱ ያለበሳቸው ሰማያዊ ጋዋን ላያቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ የታሰረውን እጄን ከላይ እስከ ታች አዩት። ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። ወገባቸውን ያዙ።

«እንዴት አደርሽ። በይ ስሚ፣ ይኼ ልጅሽ ኸምን የተፈጠረ ነው?» አሉ። «ቀን እንደ ባለሥልጣን ይተኛል፤ ሲመሽ ተነሥቶ እስኪነጋ እሪ! ኸመጣ ወዲህ ዓይኔን አልከደንኩም። የጣሳ ወተት ቢቸናን አስሰን ብናመጣለት መልሶ ደረቴ ላይ ተፋው። የጎረቤቴ ልጅ አራስ ናት፣ እሷ ብታጠባው ጡቷን አቆሰለው። ለርሷ ትቼው ነው የመጣሁ፤ አሁን ይኼኔ እሷንም እያስለቀሳት ነው። ጆሮውስ! በኛ ዘር እንዲህ ያለ ጆሮ የለም፤ ኸናንተ ወገን ነው ያመጣው። ወገቤን ቆርጦታል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ተነሽና ልጅሽን ተረከቢኝ!»

እህቴ ከኋላቸው ቆማ ጋዋናቸውን ትጎትታለች፤ እሳቸው ግን መች ይሰማሉ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። የሞተ ሕፃን አይታማም። ለሞተ ሕፃን ጆሮው ትልቅ ነው የሚል ሰው በምድራችን የለም። ለሞተ ልጅ ቆንጆ ነበር፣ መልአክ ነበር ይባላል፤ ወተት ተፋብኝ ተብሎ ስሞታ አይቀርብበትም። ይህ መልስ ክብ አልነበረም፤ ትውከት ያለው፣ ቁስል ያለው፣ ወገብ ያለው መልስ ነው። ልጄ በሕይወት አለ! ሳቅኩ። ማሽኑ እሪ አለ። ነርሱ ሮጦ መጥቶ የምስቅ መሆኔን ሲያይ ግራ ገብቶት ቆመ። አማቴ «ምኑ ያስቃታል?» ብለው ተቆጥተው ወጡ። በሕይወቴ እሳቸውን ልስም የፈለግኩት ያኔ ብቻ ነው።

ደስታዬ ምሳ ሰዓትም አልደረሰ። ተኝቼ የተናገሩትን እንደገና እያጣጣምኩ ነበር፤ ቃል በቃል ላጣጥመው ፈልጌ። ኸመጣ ወዲህ ዓይኔን አልከደንኩም። የት ከመጣ ወዲህ? እሳቸው ቤት። ለጎረቤቴ ልጅ ትቼው መጣሁ። ለምን ለጎረቤት? እናቴስ? እናቴ በሕይወት እያለች ያን ልጅ ለአማቴ አሳልፋ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ለአንድ ሌሊት አትሰጥም። ታማ ብትተኛ እንኳ ከጎኗ ታስተኛዋለች። ከዚያ የእህቴን ዓይን አስታወስኩ፤ ጉንፋን የሌለው ሰው ጉንፋን።

የቀረውን ራሴ መለስኩት። ግፊት። የተቋረጠ ኪኒን። ልጇ ፊቷ ላይ ስትንዘፈዘፍ ማየቷ። አራስ ሕፃን ታቅፋ ወሬ ሳትሰማ መሰንበቷ። የተዘጋ መንገድ። ለእኔ አምቡላንሱ ያለፈበት መንገድ ለእሷ ሳይከፈት ቀርቷል። ዶክተሩ በዚያች ሰዓት መጥቶ አውትካሙን ቢጠይቀኝ ያለ ስሕተት እመልስለት ነበር። ከቤታችን ሁለት ሴቶች በአንድ በሽታ ተይዘን አንዷ ማሽን አገኘች። እናቴን ክፉኛ ወደድኳት፣ ክፉኛም ተቆጣኋት፤ እኔን ትታ ወዴት ነው የሄደችው?

አለቀስኩ፤ ማሽኑ ጮኸ። ነርሱ «ቲቸር፣ ምነው ዛሬ?» አለኝ። እንባዬን እንደምንም ዋጥኩ። እናቱ የሞተችበት ሰው እሪ ይላል፣ ደረቱን ይደቃል፣ ስሟን ይጠራል፤ ያ ሁሉ ትንፋሽ ይፈልጋል፤ የእኔ ትንፋሽ ግን የራሴ አልነበረም። በማግስቱ ዶክተሩ ማሽኑን ሲቀንሰው በግትርነት ተነፈስኩ። ለልጁ ስል ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እሱም አለበት። ግን ደረቴን ያስከፈተኝ ከሁሉ በላይ ማልቀስ መፈለጌ ነው። ቀኑን ሙሉ ሳልወድቅ ዋልኩ። ቱቦውን ነቀሉት።

እህቴ አልጋው አጠገብ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። ፈርታለች። ምን እንደምትፈራ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ነው። ገና ልጅ ናት፤ ያን ወሬ ሆስፒታሉ በር ላይ ከአማቴ ሰምታ፣ ያለ አጽናኝ ብቻዋን ውጣ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ እኔ ገብታለች። ብጠይቃት ወይ ትዋሸኛለች፣ ወይ አልችልም ብላ እዚያው ትፈርሳለች። ጉሮሮዬ ተልጦ ድምፄ የወንድ ሆኗል። «ጆሮው እውነት ትልቅ ነው?» አልኳት። እየሳቀችና እያለቀሰች አቀፈችኝ። «አላየሁትም እኮ፤ እሳቸው እንዳሉት ነው» አለች። ስለ እናቴ አልጠየቅኩም። ያንን እሪታም መልሼ ዋጥኩት፤ አሁን የከለከለኝ ማሽኑ ሳይሆን እኔ ነበርኩ።

ቢቸና ስገባ በቀጥታ አማቴ ቤት ወሰዱኝ። «የእናትሽ ቤት ብርድ ነው» አሉኝ። «እናትሽ ስለ አንቺ ተስላ ጸበል ገብታለች፤ ሱባዔዋን ስትጨርስ ትመጣለች» አሉኝ። «ደግ አደረገች» አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁ። ልጁን እቅፌ ውስጥ አስገቡልኝ። ጆሮው በእርግጥ ትልቅ ነው፤ የእናቴ ጆሮ ነው። ሲያየኝ እሪ አለ፤ አማቴ «አላልኳችሁም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እየመጣ ያጫውተኛል፣ እኔም እጫወታለሁ። ሙያዬ ነው። አንድ ሰው ፊቴ ላይ እናቴን በስህተት በኃላፊ ጊዜ፣ «ነበረች» ብሎ፣ ቢጠራት እንኳ እንዳልሰማ ሆኜ የልጁን መጠቅለያ አስተካክላለሁ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፤ እኔ ግን ያ ፋሻ እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጉልበቴ ጠንቶ በራሴ ደጅ መውጣት ስጀምር ቀኑ መድረሱ ገባኝ። ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ ማታ ሳያየኝ ተኛ። በጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አጥሩ ጋ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ሳል ሳል አሉ። ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቄ ለበስኩ፤ ልጁን ታቅፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የገቡት አማቴ ናቸው። አፋቸውን ሊከፍቱ ብለው ነጠላዬን አዩ። እንደቆሙ ቀሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቅ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ልጁ አላስተኛኝ ብለው የነገሩኝ ቀን ነው እማማ» አልኳቸው።

መሬቱን አዩ። ከዚያ መጥተው ጎንበስ አሉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ልጁን ወዲህ ስጪኝና አልቅሺ» አሉኝ።